ከጆሮዋ ሥር

ሰውየው ሲጠጣ እጁ ቶሎ የሚነሣ ነበር። ሚስቱን አልጋነሽን ለመጨረሻ ጊዜ በጥፊ ያጮላት የዛሬ አራት ዓመት ነው፤ ወጡ ቀጠነ ብሎ። በሳምንቱ ከግራ ጆሮዋ ሥር ሽምብራ የምታክል እብጠት አሳየችው። ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮ ደግፍ ነው አለ፤ እሱ ግን የማን ሥራ እንደሆነ ልቡ ያውቀዋል። መጠጡን እርግፍ አድርጎ ተወ። እብጠቱ እያደር ሎሚ ሲያክል፣ እሱ ከሰውነት ተራ ወጣ። ማዕድ ሲቀርብ ያቺን ጉንጭ ላለማየት በቀኟ በኩል ይቀመጣል። በዚያ በመታት እጁ ሊያጎርሳት እንኳ ያፍራል።

ዛሬ ሐኪሙ እብጠቱን ሲዳብስ ሰውየው መቻል አቃተው።

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ። በጥፊ መትቻት ነው።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ ገላመጠው። «መምታትህስ ነውር ነው። ይህ ግን የምራቅ ዕጢ ላይ የወጣ እባጭ ነው፤ ጥፊ አያመጣውም። በዝግታ የሚያድግ ዓይነት ስለሆነ በቀዶ ሕክምና እናወጣዋለን።» ወደ እሷ ዞረ። «ለመሆኑ መቼ ጀመረሽ፣ እህቴ?»

አልጋነሽ መሬት መሬት እያየች፣ «ገና ሳላገባ ነው። በፀጉሬ እሸፍነው ነበር» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ።

«አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስቃጠል እያየሽ! ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ነጠላዋን ጉንጯ ላይ መለስ አደረገች።

«ከዚያ ወዲህ መትተኸኝ ታውቃለህ?»