ሰባተኛው ስላይድ

ኒካኖር ጠረጴዛውን በቀለበቱ ኳ ያደርጋል፤ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ፤ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር አዳራሽ ግድግዳ ላይ ባሕራችን ቦግ ይላል። ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ዋጥ ያደርጋል። ከካርታሄና እስከ ፓናማ ድንበር ፎቶ ግድግዳ ላይ አውጥቶ ሰው የሚያስለቅስ ከእኔ ሌላ የለም። አለሁ የሚል ካለ ይምጣ።

ኒካኖር አበልጄ ነው፤ የመጨረሻ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ። ዛሬ የሚናገረው፣ ጀልባ የምናሳርፍበትን ዳርቻ ለወደብ ኩባንያው እንዳንሸጥ ነው። ንግግሩ ሲያልቅ እጅ ይወጣል፤ ያኔ ይለይለታል። መጀመሪያ ሲመጣ አርባ መስመር ጽሑፍ አንድ ገጽ ላይ ጠቅጥቆ ነበር። አስተማርኩት። አንድ ስላይድ፣ አንድ ሐሳብ። ፎቶው ግድግዳውን ይሙላ። ቃሉ ከአምስት አይብለጥ፤ እሱንም መነጽሯን ቤት የረሳች አሮጊት ከመጨረሻው ወንበር ታንብበው። አሥራ አንድ ስላይድ ሠራሁለት። ዛሬ ጠዋት ፍላሹን ሲመልስልኝ ትንሽ ነገር አስተካክያለሁ አለኝ፤ ምን ያህል ያስተካክላል ብዬ ከፍቼም አላየሁት።

ኳ። ስድስተኛው፤ የተቀደደው መረብ። ኳ። ሰባተኛው የአባቴ ጀልባ መሆን ነበረበት።

አይደለም። የአባቴ ጀልባ በነበረበት ክሬን ተገትሯል። ከሥሩ አዲስ ነጭ ቤት፣ በሩ ላይ የምትስቅ ሴት። ከታች አራት ቃል፦ መረብ ይብቃን፤ ደመወዝ ይምጣ።

"ወገኖቼ፣ ዳርቻውን እንሽጠው" ይላል ኒካኖር፣ ዓሣ ስጡኝ እንደሚል ሰው ረጋ ብሎ።

ኩባንያው ምን ቃል እንደገባለት እግዜር ይወቅ። ካስተማርኩት ግን አንዲትም አልሳተም። ፎቶው ግድግዳውን ሞልቷል፤ ከኋላ የተቀመጡት አሮጊት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አራቱን ቃል ያነባሉ። እኔ ብሠራው እንዲህ አላሳምረውም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ሲወጣ ይኼ የመጀመሪያው ነው።

ኳ ያደርጋል። አልጫንም። እንዲያውም ግድግዳውን አጨልመዋለሁ። አዳራሹ ይንጫጫል።

ኒካኖር ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ ይላል።

"መብራት አይደለም የሄደው፣ አይዟችሁ። ይኼ አበልጄ ቶሪቢዮ ነው። ያያችሁትን ሁሉ የሠራው እሱ ነው። ጉራውን ሲነዛ ስትስቁበት ኖራችኋል፤ እስቲ ዛሬ እንኳ አጨብጭቡለት።"

ያጨበጭባሉ። ሁለት መቶ ሰው፣ እሺ፣ ስልሳ ቢሆኑ ነው፣ ወንበሩን እያንቋቋ ወደ እኔ ይዞራል። የባሕሩን ወጀብ ብቻዬን ተሻገርኩ ስል ያፏጩብኝ የነበሩ ሰዎች ተነሥተው ያጨበጭባሉ። ሃምሳ ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው። የእኔ አይደለም፣ ሰባተኛው የእኔ አይደለም ማለት አለብኝ፤ ሦስት ቃል፣ ከአምስት በታች። ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ጣቴ ቁልፉን ይጫናል።

ኳ። ስምንት። ኳ። ዘጠኝ። እስከ አሥራ አንድ አንዱንም ሳልዘል እጫንለታለሁ፤ የመጨረሻው ላይ ያው ነጭ ቤት ተመልሶ ግድግዳውን ይሞላል።

"ይሸጥ የምትሉ?" ይላል ኒካኖር።

እጆች ይወጣሉ፤ ጥላቸው ነጩን ቤት ይሸፍነዋል። ከፊት ረድፍ ሚስቴ ሉዲቪና ዞራ ታየኛለች። ሃያ ስድስት ዓመት ስንኖር ከነገርኳት አንዱንም አምናልኝ አታውቅም። ዓይኗ በኩራት እንባ አቅርሯል፤ እጇን ከሁሉም በላይ ከፍ አድርጋ ይዛለች።