ወይራው ወይስ ግንቡ

ጣልያን ከወጣ በአሥረኛው ዓመት አባይነሽ ከዛሪማ ተነስታ ጎንደር ገባች። ውዱ የሚባለው የባሏ ወንድም ጭነት ያላትን በቅሎ ይስባል። ሦስት ቀን ተጉዘዋል።

ስማቸው የተጠራ ሁለት የዜማ ጉባኤ ቤቶች ነበሩ። አንዱ ቁስቋም በኩል፣ የመምህር አላምረው። ሌላው ቀሐ ማዶ፣ የመምህር ወልደኢየሱስ። አባይነሽ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባት። ልጇ አንድ ነው፤ ሰጠኝ ይባላል።

ገበያ ውስጥ አምስት ክንድ አቡጀዴ ገዛች።

"ለሸሚዝ ነው?" አላት ነጋዴው።

"ለልጄ ነው።"

ቁስቋም። እንኳየሁ የሚባል ተማሪ በር ላይ ተቀምጦ የተቀደደ ለምዱን ይሰፋል።

"ተማሪ ልታስገቡ ነው?" አለና ውዱን ከእግር እስከ ራሱ አየው። "ወይስ አያ፣ እርስዎ ነዎት የሚማሩት?"

"እኔ ዳዊት እስክደግም በቅሎዋ ታረጃለች።"

"ልጁስ የታለ?"

"እሱ መንገዱን ያውቀዋል" አለ ውዱ።

አባይነሽ ጎንበስ አለች። "ስትመጣ ስምህን ነግረሃል?"

"እናቴ ያወጣችልኝን? ምን ቆርጦኝ! ወላጅ ተከትሎ መጥቶ ከትምህርት ይጎትተናል። ስምም አገርም ለውጠን ነው የምንገባ።"

"እናትህ ብትፈልግህስ?"

"አታገኘኝም" አለ ኮራ ብሎ።

መምህር አላምረው ወጡ። እንኳየሁን ወደ ቀለሙ መለሱት።

"ደብሩ ፈቅዷል" አሏት። "ቦታው ከወይራው ስር ነው።"

ሄዳ አየችው። ጥላ ነው። ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሯል።

"ክረምት ውሃ ይገባዋል፣ የኔታ?"

"አይገባም።"

"ልጆቹ ሲታመሙ ማን ያስታምማቸዋል?"

"እርስ በርሳቸው።"

ቀሐ ማዶ። መምህር ወልደኢየሱስ ዓይናቸው አያይም፤ ተማሪዎቻቸውን የሚለዩት በድምፅ ነው።

"ድምፁ እንዴት ያለ ነው?" አሉ።

"ሸጋ ነው፣ የኔታ። ከፍ ሲያደርገው መጨረሻው ላይ ይሰነጠቃል።"

ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ።

"እንዲህ ያለ ድምፅ ብዙ ሰምቻለሁ፣ ልጄ።"

የእሳቸው ቦታ ከፈረሰው ግንብ ጥግ ነው። እዚህም ድንጋይ ተደርድሯል። ፀሐይ ጠዋትም ማታም ያገኘዋል።

አባይነሽ ቁስቋም ተመልሳ ወይራውን አየች። ደግሞ ቀሐን ተሻግራ ግንቡን አየች። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ።

"ሁለቱም ሸጋ ናቸው" አለ ውዱ በመጨረሻ። "በሬ ስትገዢ እንኳ እንዲህ አላገላበጥሽም።"

"በሬ ቢሳሳቱ ይሸጣል፣ አያ ውዱ።"

"እንግዲያ ዕጣ እንጣል።"

"በሰጠኝ ላይ ዕጣ አልጥልም።"

መምህር ወልደኢየሱስ ከጎጇቸው በር ላይ ሰሟቸው። "አንዴ ከተነካ መመለስ የለም" አሉ። "አስቢበት።"

አባይነሽ እጇን ግንቡ ላይ አሳረፈች። ድንጋዩ ሞቋል።

"እዚህ ይሁን" አለች።

"ምነው እዚህ?" አለ ውዱ።

"ሰጠኝ ብርድ አይወድም።"

ውዱ ዶማውን ከበቅሎዋ አወረደ፤ አባይነሽ የሰጠኝ ወይም እንደሱ ስሙን ለውጦ የሞተ የሌላ እናት ልጅ አጥንት ተጠቅልሎ ዛሪማ የሚገባበትን አቡጀዴ መሬቱ ላይ ዘረጋች።