እዚህ ቤት አይኖርም

ግሌንዳ በቤት ጫማዋ ሮጣ ስትወጣ፣ ሰውየው ተንበርክኮ ደጅ የቆመው መኪናዋ ጎማ ላይ እንዳይነዳ የሚቆልፍ ቢጫ ብረት እያሰረ ነበር።

«ተው የኔ ልጅ፣ ተው እባክህ። መኪናው የዳረን አይደለም።»

ሰውየው ቀና አለ። አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ደረቱ ላይ ትንሽ ካሜራ የለጠፈ ዕዳ ሰብሳቢ ነው። ዳረን ክሌግ ለተባለ ሰው ሲላክ ለኖረው ደብዳቤ ሁሉ መልስ እንዳልተገኘ፣ የዳረን አድራሻም ይኸው ቤት እንደሆነ ረጋ ብሎ ነገራት። ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ ታያለች።

መልስማ ተሰጥቶ ነበር። ከነሱ በፊት እዚህ ይኖር የነበረው ዳረን ክሌግ ቤቱን ከለቀቀ አራት ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣ ባሏ ኖርማን፣ የሰው ደብዳቤ አይከፈትም ብሎ፣ ፖስታው ላይ «እዚህ ቤት አይኖርም» ጽፎ መንገዱ ጥግ ባለው ቀይ የፖስታ ሣጥን መለሰው። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ብሎ ያዘው። እስክሪብቶ በክር አስሮ በሩ አጠገብ ሰቀለ። ፖስታ በወደቀ ቁጥር «የኛ ዱርዬ ዛሬም ተፈለገ» እያለ ያስቃት ነበር። አንዱን እንኳ ከፍተው ቢያነቡ ኖሮ የሚደወልበት ቁጥር እዚያው ውስጥ ነበር። ጨዋነታቸው ጉድ ሠራቸው።

«ወረቀት ያሳዩኝ የኔ እናት፤» አለ ሰውየው። «የመብራትም ይሁን የውሃ። ሌላ ሰው እንደሚኖርበት ካየሁ ይበቃኛል።»

ገብታ ከዳቦ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ አንድ እቅፍ ደብዳቤ ይዛ ወጣች። የመብራቱም፣ የውሃውም፣ የመኪናውም የመጣው በኖርማን ስም ነው፤ የወረቀት ጣጣ ድሮም የእሱ ነበር። ሰውየው እያገላበጠ አየ። አድራሻው ልክ ነው፣ ቀኑም የዚህ ወር ነው።

«ደግ ነው። እንግዲያው ሚስተር ኖርማንን አንዴ ይጥሩልኝ። መኪናውም በሳቸው ስም ስለሆነ አንድ ፊርማ ፈርመውልኝ እሄዳለሁ።»

«ወጣ ብሏል፤» አለች ግሌንዳ።

ሳታስበው ነው ያመለጣት። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ለደወለ ሁሉ ያለችው ይኸንኑ ነበር። ለመብራት መሥሪያ ቤቱ ወጣ ብሏል፣ ለጥርስ ሐኪሙም ወጣ ብሏል። መቅበሩንማ ቀብራዋለች፤ ሰፈሩ ሁሉ አብሯት ቆሞ አልቅሷል። ግን ጠዋት ጠዋት ስሙ የተጻፈበት ፖስታ በሩ ሥር ሲወድቅ፣ ቢያንስ በአንድ ቢሮ መዝገብ ውስጥ ኖርማን ዛሬም አለ። ይህቺን ማንም እንዲነጥቃት አልፈለገችም።

«ችግር የለም፣ እጠብቃቸዋለሁ፤» አለ ሰውየው፤ ከባሕሩ ለሚመጣው ንፋስ ኮቱን ሰብስቦ መኪናውን ተደግፎ ቆመ።

ከጀርባው፣ በመስኮቱ በኩል፣ የኖርማን ቆብ ይታያል። የኋላው ወንበር ላይ ራሱ እንዳስቀመጠው ነው፤ አልነካችውም። ዝም ካለች መኪናው ከነቆቡ ተጎትቶ ሊሄድ ነው። ሰውየው ሰዓቱን አየ።

«አይመለስም፤» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «ሞቷል የኔ ልጅ። ባሌ ሞቷል።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ደረቱ ላይ ያለውን ካሜራ አጠፋና ተንበርክኮ ብረቱን ፈታ። የዳረንን ስም ዛሬውኑ ከዚህ አድራሻ እንደሚያሰርዝ፣ ከእንግዲህ ማንም እንደማይመጣባት ቃል ገባላት። ሊሄድ ሲል ዞር አለ።

«የባለቤትዎንም መሞት ለየመሥሪያ ቤቱ ያሳውቁ የኔ እናት። ካልነገሯቸው ደብዳቤ መላኩን አይተዉም።»

«አውቃለሁ፤» አለች ግሌንዳ።

ገብታ በሩን ዘጋች። በእቅፏ ካሉት የላይኛው ፖስታ ገና አልተከፈተም፤ በየዓመቱ መባቻ ለኖርማን የአትክልት ዘር ዝርዝር የሚልክለት ሱቅ የላከው ነው። ኖርማን ረጅም ስለነበር እስክሪብቶውን የሰቀለው በራሱ ቁመት ነው። በእግሯ ጣቶች ተንጠራርታ ከነክሩ ወደ ታች ሳበችው፤ ፖስታውን በሩ ላይ ለጥፋ ያዘች።

«እዚህ ቤት» ብላ ጻፈች። የቀረችውን አንዲት ቃል ግን እጇ እምቢ አላት፤ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እንዳረፈ፣ ክሩ ተወጥሮ፣ ቆማ ቀረች።