መስኮቱን ማን ከፈተው?

በዛብህ ቀራንዮ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ እየጠበቀ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ለፋብሪካው ማሽን የጻፈው ፕሮግራም ትናንት ባለበት ደርቆ ቀረ። መድረቁስ ይሁን፣ ዘበኛውን ምን ነካው?

ዘበኛ የሚሉት ሰዓት ቆጣሪ ነው። ፕሮግራሙ በየጥቂቱ «አለሁ» እያለ ይነካዋል፤ ካልተነካ «ይሄስ አንድ ነገር ሆኗል» ብሎ ማሽኑን አጥፍቶ እንደገና ያስነሳል። ትናንት ግን ሥራው ሁሉ ቆሞ ሳለ ዘበኛው ጭጭ አለ።

ይህንኑ ዘዴ ነበር ለእናቱም ያበጀላት። ታናሽ ወንድሙ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ እናቱ ወለተጻድቅ ብቻዋን ናት፤ ደም ግፊትም አለባት። ጠዋት ጠዋት የእንጨት መስኮቷን ትከፍታለች። ፀሐይ አጥሩን እስክታልፍ ካልተከፈተ፣ ጎረቤቷ ዋጋነሽ በሩን ሰብራም ቢሆን ትገባለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ፤ እሱ የሚመጣው እሁድ እሁድ ነው። ትናንት ግን ሆዱ ባብቶ ከሥራ በቀጥታ መጣና እዚያው አደረ።

«አንተ፣ እዚህ አድረህ ነው እንዴ?» አለችው ዋጋነሽ፣ ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ልትሰለፍ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በፌርማታው ስታልፍ። «እማማ ዛሬስ ማልደው ተነስተዋል። መስኮቱን ክፍት ሳየው እፎይ ብዬ ወጣሁ።»

«እኔ ነኝ የከፈትኩት፣ እትዬ። ጨለማ ሆኖብኝ፣ ጫማዬን ስፈልግ...»

በሐሳቡ መጀመሪያ የመጣለት፣ ይቅር ይበለውና፣ ማሽኑ ነበር። ዘበኛውን የሚነካው የፕሮግራሙ ክፍልና ሥራውን የሚሠራው ክፍል ለየቅል ናቸው፤ አንዱ ሞቶ ሌላው «አለሁ» ይላል። ከዚያ እናቱ መጣችበት። ከመጋረጃው ወዲያ የተኛች መስሎት ኮቴውን አጥፍቶ ነበር የወጣው። ድምፅዋን አልሰማም።

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። በዛብህ ወደ ሰፈር ሽቅብ ሮጠ፤ ዋጋነሽም ነጠላዋን ሰብስባ ከኋላው።

መጋረጃውን ገለጠው። እናቱ በጎኗ እንደተኛች ዓይኗ ፈጧል፤ አንድ እጇ ከአልጋው ተንጠልጥሏል። ትተነፍሳለች። ተንበርክኮ እጇን ያዘና አለቀሰ።

«እማዬ፣ ምነው አልጠራሽኝም?»

የከንፈሯ አንዱ ጎን አልታዘዝ ብሏታል። ቃሉን እየጎተተች አወጣችው።

«መስኮቱን... ስትከፍት ሰማሁህ፤ ድምፄ እምቢ አለኝ» አለችው። «በቃ፣ ዛሬ ማንም አይመጣልኝም አልኩ።»