የታንኩ እብደት

በኃይሉ በአገሩ ሰው አፍ «ታንኩ» ነበር። ወታደር ሳለ ሁለት ቁስለኛ ባንድ ጊዜ ተሸክሞ ዳገት ወጥቷል ይባላል። እሱ ግን ሲጠየቅ «አንደኛው ቀላል ነበር» ከማለት በቀር አያወራም። ጦሩ ተበትኖ በእግሩ መንዝ ከገባ ወዲህ ጉልበቱን ለጎረቤት አደረገው። በሬ የሞተበት ታንኩን ይጠራል፤ ምጥ የጠናባት ሴት መሐል ሜዳ ከተማ ሐኪም ቤት የምትደርሰው ታንኩ የቃሬዛውን ፊት ሲይዝ ነው። ለጥምቀት ባንዲራ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከታቦቱ ፊት ሲሄድ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ መንገድ ይለቁለት ነበር።

እንግዲህ አበደ የተባለው ይህ ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነው። ድንበርተኛው ገሠሠ «ና እንታረቅ» ብሎ ቤቱ ጠራው። በሁለቱ ማሳ መካከል ባለች አንዲት ወሰን ሲነታረኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ገሠሠም ቂም ቶሎ የሚረሳ ሰው አልነበረም። በኃይሉ እርቅ አይገፋምና ሄደ። አረቄው መረር ብሎታል፤ ግን በሰው ቤት መጠጥ እንከን አይወጣም። ደግሞም ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። በማግስቱ ለመበለቷ ለእትዬ የትምወርቅ ማረስ አለበት፤ ጎርፍ የወሰደውን የመሻገሪያ ግንድ ማንሳት አለበት፤ እንደ ሌሎቹ የቀድሞ ወታደሮች በአገር ድንበር ለተነሣው ጦርነት ከተማ ወርዶ መመዝገብ አለበት፤ የታመመች በግም አለችው። ይህን ሁሉ እያሰበ ጠጣ።

ሲነቃ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው ጠበል ቤት ተኝቷል። እግሩ በሰንሰለት ከምሰሶው ጋር ታስሯል።

«ምን አድርጌ ነው?» አለ።

«አጥሬን አፈረስክ» አለ ገሠሠ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ። «ታንክ ነኝ እያልክ ከኮርማዬ ጋር ገጠምክ። በስንት መከራ ያዝንህ።»

በኃይሉ ወደ ሚስቱ ወደ ዘነበች ዞረ። «እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

በኃይሉ ምንም ትዝ አይለውም። ሰው የማያስታውሰውን ነገር እንዴት አድርጎ ይክዳል?

በየማለዳው በዚያ ብርድ ጠበል ያፈሱበታል። ከጎኑ እስከዳር የምትባል ልጅ ነበረች፤ አጥማቂው አባ አትናቴዎስ በመስቀል እየዳበሱ «ስምህን ተናገር፤ ከየት መጣህ?» ሲሉባት ትጮኻለች። እሱ ጋ ሲደርሱ ግን አፍስሰው፣ አሳልመው ያልፋሉ።

«አባ፣ የኔን ለምን አይጠይቁትም?» አላቸው አንድ ቀን።

«ያንተው ድዳ ነው» አሉ። «ድዳ ደግሞ ቶሎ አይለቅም።»

ነገሩ መላ ያጣ ነበር። ቢጮኽ ለፈለፈ ይሉታል፤ ዝም ቢል ድዳ መንፈስ ይሉታል። ሰንሰለቱን መበጠስ አያቅተውም፤ ግን ሰንሰለት በጥሶ የወጣ ሰው ጤነኛ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል?

ከጠበሉ ቁልቁል ማሳው ይታያል። አንድ ረፋድ ገሠሠን አየው። በበኃይሉ በሬዎች የበኃይሉን መሬት ያርሳል፤ ወሰኗንም አልፎ እስከ ደጃፉ ዘልቋል። በሌላው ቀን ምሳውን ይዞለት የመጣው ራሱ ገሠሠ ሆነ። «ዘነበች ናት የላከችኝ» አለው። በኃይሉ ያንን ምሳ አልቀመሰውም። በዚያ ላይ እትዬ የትምወርቅ ልትጠይቀው መጥታ ጉልበቱን ስማ አለቀሰች። ሰው እንዲህ የሚያለቅሰው ለሞተ ነው ሲል አሰበ፤ ልቡም ተሰበረ።

ከዚያ የቀበሌው ሰው የቀድሞ ወታደሮችን መዝገብ ይዞ ከአንድ ታጣቂ ጋር መጣ። መንገድ መሪው ገሠሠ ነበር።

«ይኸውላችሁ፣ እዩት» አለ ገሠሠ። «አትጠጉ፣ ይናከሳል።»

በኃይሉ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ተስፈንጥሮ ሲነሣ ሰንሰለቱ ጎተተው፤ ምሰሶው ሲጥጥ አለ። የቀበሌው ሰው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ይኼ ሰው ለምንም አይሆንም። ስሙን ሰርዙት» አለና ቁልቁለቱን ወረደ።

ገሠሠ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ፊቱም በራ። በኃይሉ ያንን ፊት ሲያይ ሁሉም ነገር ገባው። መሬቱ ሄዷል፤ ሚስቱም ሳትሄድ አልቀረችም። አገሩን በጉልበቱ ያገለገለ ሰው፣ ጎረቤቱን በትከሻው የተሸከመ ሰው፣ በአንድ ብርጭቆ አረቄ ከሰው ተራ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የባሰው መጣበት። ምናልባት እውነትም አብጄ ይሆናል እያለ ራሱን መጠርጠር ጀመረ። ማለዳ ማለዳ ሳይጠሩት ከጠበሉ ሥር ይቆም ነበር።

የገበያ ቀን ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ገሠሠ ዳገቱን እያለከለከ ወጣ፤ ጋቢው ከትከሻው ወርዶ መሬት ይጠርጋል። ዘነበች ከኋላው ትከተለዋለች። አባ አትናቴዎስን ከበሩ ላይ ያዘና ጆሯቸው ሥር አንሾካሾከ። አባ አማተቡ። ዘነበች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

በኃይሉ የመጨረሻው ደረሰ አለ። ከገደሉ ማዶ ወዳለው ገዳም ሊሰዱት ነው፤ ከዚያ ድኖ የተመለሰ እብድ አያውቅም። እብድ ካሉኝ አይቀር ብሎ ሰንሰለቱን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ እግሩንም ምሰሶው ላይ አጥብቆ ቆመ።

አባ ወደሱ መጡ። ጠበል አልያዙም። ጎንበስ ብለው በቁልፍ ሰንሰለቱን ፈቱለት።

«ልጄ» አሉት፣ «ጦርነቱ ቆሟል፤ ድነሃል።»