ስብሰባው ሊጀመር ሲል ወንበሩን የለቀቀው ፕሬዝዳንት

«ከሃዲ! ዓይኔን እያየህ ሸጥከኝ አይደል?»

የኮሌጁ ኮሪደር ላይ የነበረው ሁሉ ዞሮ አየ...

የጮኸችው «እሳቷ» ናት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነች። ስሟን ትተው እሳቷ ያሏት በከንቱ አይደለም፤ ጥፋት አይታ ዝም አትልማ!

የሴቶች ማደሪያ ደረጃ መስኮት የለውም። መብራቱ ተቃጥሎ ከረመ... አንዷ ልጅ በጨለማ ወድቃ እግሯ ተሰበረ።

እሳቷ ተማሪውን ሰብስባ የዲኑ ቢሮ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ሁከት አስነሥተሻል» ተባለች። ዛሬ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጉዳይዋን ያያል። ጥፋተኛ ከተባለች ከኮሌጁ ትባረራለች... አበቃ!

ተስፋ ያደረገችው የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዝዳንቱን ነበር። ኮሚቴው ውስጥ የተማሪዎች ወንበር የእሱ ነው።

እሱ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው?

ስብሰባው ሊጀመር ሲል ከፕሬዝዳንትነቱ ለቀቀ!

«ፈሪ!»

«ዲኑ አስፈራርቶት ነው!»

አንድ ክፍል አብሮት የሚያድረው ጓደኛው እንኳ ፊቱን አዞረበት።

እሱ ትንፍሽ አላለም። እኔ ብሆን እዚያው ሁሉንም አፈነዳው ነበር... እውነቴን ነው።

በሩ ተከፈተ። እሳቷ ገባች። መምህራኑ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበዋል። በተማሪዎች ወንበር ላይ የማኅበሩ ምክትል ፕሬዝዳንት ተቀምጣለች።

ከእሳቷ ኋላ ሌላ ሰው ገባ... እሱ!

ዲኑ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተ ለቅቄያለሁ አላልክም እንዴ? ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ለቅቄያለሁ ጌታዬ። የኮሚቴ አባል ድምፅ ይሰጣል እንጂ ለተከሳሽ መከራከር አይፈቀድለትም። ተራ ተማሪ ግን ይችላል። ድምፁን ምክትሌ ትሰጣለች... እኔ ለእሷ ልከራከር ነው የመጣሁት።»

ወንበር ስቦ ከእሳቷ ጎን ተቀመጠ።

«ለምን... ለምን አልነገርከኝም?» አለችው በሹክሹክታ።

«ወሬው ቀድሞ ቢደርሳቸው መልቀቂያዬን መች ይቀበሉኝ፣ እዚህስ መች ያስገቡኝ ነበር?»

ከዚያ ወደ መምህራኑ ዞረ።

«ያንን ደረጃ በጨለማ የወረደ ከእናንተ መካከል ማን አለ?»

ዲኑ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«እንግዲያው ከመፍረዳችሁ በፊት... አንዴ አብረን እንውረደው።»

ሄዱ። ዲኑ በሁለት እጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ፣ «ቀስ! ቀስ በሉ!» እያሉ ወረዱ። ታች ሲደርሱ ላብ አጥምቋቸዋል።

እሳቷ አልተባረረችም። መብራቱም በዚያው ቀን ተቀየረ።

እሱ ግን ወደ ፕሬዝዳንትነቱ አልተመለሰም፤ ደንቡ አይፈቅድም። ዛሬ እንደማንኛችንም ተራ ተማሪ ነው።

እሳቷ ግን እስካሁን «ፕሬዝዳንቴ» ነው የምትለው... በጠራችው ቁጥር ኮሪደር ላይ የወረወረቻት ያቺ ቃል ትዝ እያለቻት።

ወዳጆቼ... መሪ የሚለካው በተቀመጠበት ወንበር አይደለም፤ የጭንቅ ቀን ከተጨነቀው ጎን በመቀመጡ ነው። እኛም ዝም ያለውን ሁሉ «ሸጠን» እያልን ለመፍረድ አንቸኩል።

እስቲ ከልባችሁ መልሱልኝ... ወንበራችሁን ለቅቃችሁ፣ ያን ሁሉ ስድብ ችላችሁ፣ ከሰደበቻችሁ ልጅ ጎን ትቀመጡ ነበር? 👇