ቀድመው የጠጡት

መቱ ውስጥ፣ ተስፋነሽ ጠላ ቤት፣ መምህሩ ከጎሬ የመጣውን ጋዜጣ ጮክ ብሎ አነበበ። የአቶም ቦምብ አመድ የዘነበባቸው የሩቅ ደሴት ሰዎች፣ «መርዙ ቀንሷል፤ አፈሩ አይጎዳም» ተብለው ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል።

ዋንጫ ይዛ የቆመችው ተስፋነሽ፣ «አይጎዳም ያሉት ሹሞች ከዚያው አፈር ይበላሉ?» አለች።

መምህሩ ወረቀቱን ገለበጠ። «እሱን አልጻፉም።»

ዓይኗ ጥግ ይዘው በተቀመጡት በጋሼ ጅራታ ላይ ዐረፈ። ከዓመታት በፊት፣ ጠላት ሲወጣ ከስደት በተመለሰች ዕለት፣ «ጉድጓዱን ጣሊያን መርዞታል» ተብሎ ልጆቿ በውኃ ጥም ሲያለቅሱ፣ ቀድመው የጠጡት እሳቸው ነበሩ። «እስከ ማታ ካልሞትኩ ልጆችሽን አጠጪ» ብለው ደጃፏ ላይ ቁጭ አሉ።

ተስፋነሽ ጠላውን እንደ ደንቡ በመዳፏ ቀመሰችና ዋንጫውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ለእነዚያም ምስኪኖች» አለች፣ «እግዜር እንደ እርስዎ ያለ ሰው ይዘዝላቸው።»